የማትሞተዋ ጎረቤታችን

«እታፈራሁ አትሞትም አሉ።»

እትዬ ባይነሽ ይህችን ወሬ ለአውቶቡስ ተሳፋሪ ብርቱካን ስትሸጥ ታወራታለች፤ ወንዝ ወርዳ ልብስ ስታጥብ ታወራታለች፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጣ እንባዋን እየጠረገች ሳይቀር ታወራታለች። ማን እንዳለ ግን ተናግራ አታውቅም። «አሉ» የምትባል አንዲት ሴትዮ መርሳ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖር ይመስል፣ ራሷ የማትደፍረውን ሁሉ በእሷ አፍ ታስነግራለች።

«የሚሞት ሰውማ ቅሬ ሳይገባ አይቀመጥም» ትላለች አስከትላ። «ሲሪንቃ፣ ምርምር አይደል የምትሠራው? ድርቅ የማይገድለው ማሽላ ያወጡ ሰዎች፣ ሞት የማይገድለው ሰው ማውጣት ያቅታቸዋል?»

ትልልቆቹ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። ሰባት ዓመቴ ነው፤ ማሽላውንም በዓይኔ አይቼዋለሁ። ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የሌላው ሰው ማሳ አንገቱን ሲደፋ የምርምሩ ማሽላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ለማሽላ የሆነ ነገር ለሰው የማይሆንበትን ምክንያት እስከ ዛሬም በቅጡ ያስረዳኝ የለም።

ቅሬ ማለት ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ግን ጠበቅ ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው የሚቀባበረው። የሰፈራችን ቅሬ ዳኛ አያ ሙሄዲን ነበሩ። አባቴ ወልዴ ዋናው መንገድ ላይ ጎሚስታ ነው፤ የመኪና ጎማ ይለጥፋል። ክንደ ብርቱ በመሆኑ የቅሬው ቃሬዛ በእሱ አደራ፣ እኛ ጓዳ ግድግዳ ተደግፎ ይቀመጥ ነበር። ሰው ያልሞተ ሰሞን እማዬ አያ ሙሄዲን እንዳያዩ እየተጠነቀቀች በርበሬ ታሰጣበታለች።

ቤታችን ውስጥ የግል የሚባል ነገር አልነበረም። ነጠላ ጫማው የሁላችንም ነው፤ ቀድሞ የነቃ ያደርገዋል። ብርድ ልብሱ የሁላችንም ነው፤ ጉልበት ያለው ይስበዋል። ስሜ እንኳ የእኔ አይደለም። የአባቴ እናት አለሚቱ በሞተች በወሩ ስወለድ፣ ስሙ ከሚባክን ብለው ለእኔ ሰጡት። በራችን ተዘግቶ አያውቅም። ጎረቤት ሰተት ብሎ ይገባል፣ ድስቱን ከፍቶ ይቀምሳል፣ «ጨው አንሶታል» ብሎ ይወጣል። እማዬን የሚጠራ ድምፅ ከንጋት እስከ ማታ አይቋረጥም። ወንፊት አውሺኝ፤ ልጄን ያዢልኝ፤ ባሌን ምከሪልኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ግድግዳው ሥር ዘፍ ብላ፣

«ዛሬስ ሞትኩ» ትላለች።

ትልቅ ሰው ሞትኩ ሲል ደከመኝ ማለቱ እንደሆነ አሁን አውቃለሁ፤ ራሴም እላለሁ። ያን ጊዜ ግን እናቴ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሞተች ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ብዙ አልተሳሳትኩም።

እታፈራሁ ጎረቤታችን የሆነችው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው። አርባዎቹ ውስጥ የምትሆን፣ ባልም ልጅም የሌላት፣ ፈጣን እርምጃ ያላት ሴት ናት። ወላጆቿ ስሟን «እታፈራሁ» ቢሏትም እህት አልነበራትም። ቤቷን በራሷ ደመወዝ ገዛች፣ ግቢዋን በቆርቆሮ አጠረች፣ የቆርቆሮ በር ገጠመች። ከዚያም ሰፈራችን አይቶት የማያውቀውን ነገር አደረገች፤ በሩን ዘጋችው። አንገቷ ላይ በጥቁር ክር ቁልፍ ታንጠለጥላለች። እኔ ያን ቁልፍ ሳይ ከወርቅ ሐብል አስበልጬ እቀናበት ነበር።

«አንድ ብርቱካን!» ትላለች እትዬ ባይነሽ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ። «አንድ ብርቱካን ገዛችኝ! ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ብቻዋን ልጣ፣ ብቻዋን በላች! ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል አልሰማችም?»

ነገሩን አሰላሁት። ብቻውን የበላ ይሞታል። እሷ ብቻዋን ትበላለች። እሷ አልሞተችም። እንግዲህ መድኃኒት አላት። ይህን ያህል የጠራ ሐሳብ ከዚያ ወዲህ አስቤ አላውቅም።

አንድ እሑድ ቅሬው ማንጎው ሥር ተሰብስቦ አስጠራት። እኛ ልጆች ከጀርባ ቁጭ ብለናል።

«እታፈራሁ፣ ልጄ» አሉ አያ ሙሄዲን፣ ጢማቸውን እየደባበሱ። «ቅሬ ግቢ። ሰው ያለ ሰው አይቀበርም።»

«እገባለሁ፣ አያ ሙሄዲን። ለቅሶም እደርሳለሁ፣ ውሃም እቀዳለሁ። አንድ ነገር ብቻ ፍቀዱልኝ። እንግዳ ስትደለድሉ ሳትጠይቁኝ ቤቴ አታስገቡብኝ። ከሥራ ስገባ በሬን ልዝጋ።»

ማንጎው ሥር ማጉረምረም ሆነ። በቅሬያችን ደንብ ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ በየቤቱ ይደለደላል። ማንም «የእኔ ቤት አይሆንም» ብሎ አያውቅም። ሊል የሚችል መሆኑም ትዝ ያለው ሰው አልነበረም።

«በር ዘግቶ ቅሬ የለም!» አለ አንዱ።

«ብቻዬን መቀመጥ እወዳለሁ፤ ሰው ጠልቼ አይደለም» አለች። ይህን ስትል እማዬ ቀና ብላ አየቻት። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር ቁጣ ነው ብዬ ነበር።

ተፈረደባት። እሳት አይጫርላት፣ ውሃ አይቀዳላት፣ ሰላምታ አይሰጣት።

«ሰላም አይሉኝም?» አለች እታፈራሁ። «ጠዋት ጠዋትም?»

«ጠዋትም!»

«እግዜር ይስጥልኝ» ብላ እጅ ነስታ ሄደች።

እኛ ሰፈር ሰላምታ ቀልድ አይደለም። እንዴት አደርሽ ተብሎ፣ ልጆቹ ተጠይቀው፣ ላሟ ተጠይቃ፣ የላሟ ጥጃ ተጠይቆ ነው ሰው የሚለቀቀው። እታፈራሁ ከቤቷ እስከ መናኸሪያው ለመድረስ የግማሽ ከተማ ጤና ማጣራት ነበረባት። ከፍርዱ በኋላ የሲሪንቃ ታክሲ አምልጧት አያውቅም። ቅጣቷን እንዲህ በደስታ የተቀበለች ሴት አይቼ አላውቅም፤ እኔ ደግሞ ያን ደስታ የመድኃኒቱ ብርታት ነው አልኩ።

ማስረጃው የተገኘው ቅዳሜ ከሰዓት ነው።

እማዬ «ወፍጮ ቤት ደርሼ ልምጣ» ብላ ወጣች። እህል አልያዘችም። ተከተልኳት። በእታፈራሁ አጥር ጥግ ዞራ፣ ግራ ቀኙን አይታ፣ ቆርቆሮውን በጣቷ መታ መታ አደረገች። ከውስጥ «ቆይ፣ መጣሁ!» የሚል ድምፅ፣ ከዚያም የብረት ኳኳታ ተሰማ። በሩ ተከፈተ፣ እናቴን ዋጣት፣ ተዘጋ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ከውስጥ ሳቅ የለም፣ ወሬ የለም፣ ምንም የለም። ጥላው ረዝሞ እግሬ ሥር ሲደርስ በሩ ተከፈተና ሌላ ሴት ወጣች። እማዬ ናት፤ ግን ግንባሯ ላይ ያለው መስመር ጠፍቷል፣ ዓይኗ ጠርቷል፣ እያንጎራጎረች ነው። ጉንጯ ላይ ደግሞ ከጆሮዋ እስከ አፏ ጥግ የወረደ ቀይ ሰረዝ አለ።

መድኃኒቱ የሚገባበት ቦታ ነው አልኩ።

የትራስ መስመር ነበር። እናቴ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ቤት፣ በተዘጋ በር ውስጥ እንቅልፏን ለጥጣ ነው የወጣችው። ይህን የነገረችኝ እኔ ራሴ ቤት ተከራይቼ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ እስካሁንም ስታወራው ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «አልጋውን አሳየችኝና እሷ ጓሮ ወጣች። አልጠየቀችኝም እኮ፣ አለሚቱ! ምን ሆንሽ አላለችኝ፣ ባልሽስ አላለችኝ። ከተወለድኩ አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ የተወኝ ሰው እሷ ናት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ድንጋይ የሥራ ቦታዬ አደረግሁት። የገባው ሁሉ ለየብቻው፣ ከሌላው ተደብቆ ነበር የሚገባው። የአያ ሙሄዲን ሚስት እትዬ ሲቲ ገብታ እንደ ሙሽራ ፈክታ ትወጣለች። ለካ እዚያ መስኮት ሥር ተቀምጣ ዝም ብላ ውጭ ውጭውን ታያለች፤ እቤቷ ዝም ካለች «ምን አጠፋሁ?» ብለው አያ ሙሄዲን መቆሚያ መቀመጫ ያሳጧታል። ከሁሉ ያስደነቀችኝ ግን እትዬ ባይነሽ ናት። የማትሞተዋን ሴት ወሬ በየሰፈሩ የዘራችው እሷው፣ ጉያዋ ውስጥ አንድ ብርቱካን ሸሽጋ ስትገባ አየኋት። ስትወጣ እጇ ልጣጭ ልጣጭ ይሸታል። ብርቱካን ነጋዴዋ ባይነሽ፣ ብርቱካኗን ያለ ተካፋይ ልጣ የበላችው እታፈራሁ ቤት ብቻ ነው።

ጥቅምት ገባ። ዝናቡ ሄዶ ወባው የሚመጣበት ወር ነው።

በዚያ ወር አንድ ቅዳሜ እማዬ በሩን መታ መታ አደረገች። ኳኳታ የለም። ደግማ መታች። ቆም አለች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ቀጥላ እትዬ ሲቲ መጣች፤ መታች፤ ሄደች። እትዬ ባይነሽ መጣች፤ መታች፤ «ቀረብሽ!» ብላ ከነብርቱካኗ ሄደች። እያንዳንዷ እታፈራሁ የሰለቻት እሷን ብቻ መስሏታል። አንዷ ለሌላዋ እንዳትነግራት ደግሞ፣ መግባቷን ማመን ሊኖርባት ነው። እንዲህ ሆኖ፣ እርስ በርሱ ሳይጠያየቅ ማደር የማይችለው ሰፈር፣ የሚጠየቀው ነገር ሲመጣ ዝም አለ።

ማታ እማዬ ግድግዳው ሥር ዘፍ አለች። «ዛሬስ ሞትኩ።» ጉንጯን አየሁት። ሰረዝ የለውም።

በማግስቱ እሑድ፣ ቅሬው ማንጎው ሥር ሲሰበሰብ፣ እኔ የእናቴን መድኃኒት ልለምን ወጣሁ። የእታፈራሁ አጥር ከእኛ ግቢ ጋር በሚዋሰንበት አባቴ አሮጌ ጎማ ቆልሎ ነበር። ቁልሉ ላይ ወጥቼ በቆርቆሮው ጫፍ አሻግሬ አየሁ።

እታፈራሁ በረንዳው ላይ፣ ከውሃ ጄሪካኗ አጠገብ፣ መሬት ላይ ተኝታለች። ጋቢ ለብሳ ትንቀጠቀጣለች። ጄሪካኑ በጎኑ ተጋድሟል።

«እትዬ እታፈራሁ!»

ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ከንፈሯ እንደ ደረቀ የጨፌ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። «ውሃ...»

«መድኃኒቱን ይውሰዱ እንጂ!»

«የቱን?»

«የማይሞቱበትን!»

ዓይኗ ተመልሶ ተከደነ። እሷ ከሞተች መድኃኒቱ ውሸት ነው፤ መድኃኒቱ ውሸት ከሆነ እናቴ አለቀላት። ከጎማው ቁልል ላይ እንዴት እንደወረድኩ አላስታውስም፤ ጉልበቴ ላይ ያለው ጠባሳ ግን ያስታውሳል።

ማንጎው ሥር ደርሼ፣ አያ ሙሄዲን ንግግር ላይ ሳሉ፣ መሐል ገብቼ ጮህኩ።

«የእታፈራሁ መድኃኒት አልቋል!»

«የምን መድኃኒት ነው፣ አንቺ ልጅ?»

«የማትሞትበት! እማዬም፣ እትዬ ሲቲም፣ እትዬ ባይነሽም ቅዳሜ ቅዳሜ እየገቡ የሚወስዱት! አሁን አልቆባት መሬት ላይ ወድቃ ውሃ ትላለች!»

ሦስቱ ሴቶች መሬት መሬት አዩ። ባሎች ሚስቶቻቸውን አዩ። የመጀመሪያው የተነሳ ሰው አያ ሙሄዲን ነበሩ። «ውሃ አይቀዳላት» ብለው የፈረዱት እኝሁ ሽማግሌ፣ ለሶላት ያስቀመጡትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን አፈፍ አድርገው፣ ሽርጣቸውን በሌላው እጅ ሰብስበው ሮጡ። ቅሬው በሙሉ ተከተላቸው።

አባቴ የጎማ መፍቻ ሊቮዎቹን ይዞ ደረሰ። «ገለል በሉ!» አንዱን ሊቮ ከላይ፣ አንዱን ከታች ሰካና «ያ ገብርኤል!» ብሎ ተንጠራራ። በሩ ከነመቃኑ ተገንጥሎ ግቢው ውስጥ ወደቀ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ኩራቴ ልክ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ባሎች ሁሉ እስካሁን ያወሩታል። እማዬ ዓይኗን ሳታዞር ቀጥታ ከአልጋው ግርጌ ወፍራሙን ብርድ ልብስ ሳበች። እትዬ ባይነሽ የውስጡን በር ከፍ አድርጋ ገፋችው፤ ከፍ ካላሉት አይከፈትም። እትዬ ሲቲ እጇን ቁም ሳጥኑ ላይ ሰድዳ የስኳሩን ቆርቆሮ፣ ከኋላው ጨዉን አወጣች፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ በጠበጠች።

«ሲቲ» አሉ አያ ሙሄዲን፣ የሰው ነፍስ አፋፍ ላይ ሆና እንኳ ሳይጠይቁ ማለፍ አልቻሉም። «ስኳሩ እዚያ መሆኑን ማን ነገረሽ?»

«አላህ ነው ያመላከተኝ» አለች እትዬ ሲቲ። «ይልቅ ራሷን ቀና አድርግላት!»

ቃሬዛው መጣ፤ በርበሬው ተራገፈ። ቅሬ ያልገባችው ሴት በቅሬ ቃሬዛ ተጫነች። ጤና ጣቢያው ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። ወንዶቹ እየተቀባበሉ ይሮጣሉ፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ እኔ ከሁሉም ፊት። ከወልዲያ የመጣ አውቶቡስ ቆመ፤ ተሳፋሪው ቀብር መስሎት አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ዱዓ ያደርጋል። በርበሬው ነው መሰለኝ፣ እታፈራሁ በኃይል አስነጠሳት። አስከሬኑ ሲያስነጥስ ያየው ረዳት ከደረጃው ላይ ወደቀ።

«ሞቻለሁ እንዴ?» አለች፣ ሰማዩን እያየች።

«ገና ነሽ!» አሉ አያ ሙሄዲን እያለከለኩ።

«ታዲያ... ቅሬ ያልገባ ሰው... በቃሬዛ ይሄዳል?»

«ዝም ብለሽ ተኚ! ብቻሽን መታመም ትችያለሽ፤ ብቻሽን መሸከም ግን አትችይም!»

ተሻላት። በቀጣዩ ስብሰባ አያ ሙሄዲን ፍርዱን አነሱ። «በሯን ትዝጋ፤ እንግዳም ሳትጠየቅ አይደልደልባት። ግን ያ በር ቀኑን ሙሉ ካልተከፈተ የማንኳኳት መብት የቅሬው ነው። መልስ ካጣን ወልዴ አለ።» እታፈራሁም «ተስማምቻለሁ» ብላ ገባች። ቅሬው ከጋራው ሣጥን አውጥቶ፣ ለሰበረው በር ካሣ፣ እውነተኛ የብረት በር ከነጓጉንቸሩ አሠርቶ ገጠመላት። የሴቶቹ ቅዳሜ ከዚያ በኋላ በአደባባይ ሆነ። አያ ሙሄዲን ሰው እስኪበተን ጠብቀው ወደ እታፈራሁ ጠጋ ሲሉ፣ እኔ ከማንጎው ጀርባ ነበርኩ።

«ለወንድስ ይሆናል?» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ትምህርት አንድ ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራል። ጥርሴን ሁሉ እስክቀይር አምኜበት ኖሬያለሁ።

ዛሬ ወልዲያ፣ ጎንደር በር አካባቢ ስልክ እጠግናለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ የሞተ ስልክ ስፈታና ስገጥም በራሴ ተማርኩት፤ ዲፕሎማ ይዘው የመጡ ልጆች ያበላሹትን እኔ ነኝ የማነሳው፤ ይህን ስናገርም አላፍርም። የራሴ ክፍል፣ የራሴ ቁልፍ፣ የራሴ ነጠላ ጫማ አለኝ። ማታ በሬን ስዘጋ የሚሰማኝ ደስታ ለማንም አላካፍለውም። አምና ግን በዚያው በተዘጋ በር ውስጥ ታይፎይድ ጣለኝ። በግድግዳው ማዶ የምትኖረው ልጅ ሙዚቃዋን ከፍታ ትስቅ ነበር፤ ስሟን አላውቀውም፤ ስሜን አታውቀውም። ያዳነኝ የእማዬ ስልክ ነው። «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ብላ፣ መርሳ ሆና፣ ወልዲያ ላይ ሰው አሰማርታ በሬን አስደበደበችው። ከዚያ ወዲህ ትርፍ ቁልፌን ለዚያች ልጅ ሰጥቻታለሁ። ሳሚራ ትባላለች። ሳታንኳኳ ከገባች ግን አልለቃትም፤ ነግሬያታለሁ።

ባለፈው ሰኔ እትዬ ባይነሽ አረፈች። ወሬውን ያወራችው ሄደች፤ የተወራባት አለች። እታፈራሁ ጡረታ ወጥታ፣ ፀጉሯ ነጭ ጥጥ መስሎ፣ ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ውስጥ ውሃ ስታድል አገኘኋት። በባይነሽ መቃብር ላይ ማንም ሳያያት አንድ ብርቱካን አስቀምጣ መምጣቷን ነገረችኝ። ብዙ አለቀስን፤ ትንሽም ሳቅን።

ድንኳኑ ጥግ አባቴ፣ አሁን ወገቡ ጎበጥ ያለው ወልዴ፣ የሐዘን ወግ ይዟል። «አንዱን ሊቮ ከላይ፣ አንዱን ከታች! ያ ገብርኤል ስል፣ ያን የመሰለ ቁልፍ እንደ ብስኩት!» ለቀስተኛው በአድናቆት ይሰማዋል።

እታፈራሁ አጠገቤ ተቀምጣ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ዓይኔ አንገቷ ላይ አረፈ፤ ጥቁሩ ክር የለም።

«ቁልፉን አወለቁት?» አልኳት።

«የሲሪንቃውን? ጡረታ ስወጣ አስረከብኩ።»

«የምን ሲሪንቃ?»

«የዘር መጋዘኑን ቁልፍ ነዋ። እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነበር አንገቴ ላይ የማስረው።»

«የድሮው በርዎስ ቁልፍ?»

ወደ አባቴ አየት አደረገች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የድሮው በርማ ቁልፍ ኖሮት አያውቅም፣ ልጄ። ሰው ሲመጣ ቁልፍ እንዲመስል ከውስጥ በማንኪያ ኳ ኳ አደርግበት ነበር እንጂ። ያን ቀንም ቢሆን ገፋ ቢያደርጉት ይከፈት ነበር።»